የሌላ ሰው ባሩድ

ኦርቪል ሄግስታድ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደመወዝ የተከፈለው ሰውን ባለማመኑ ነው። በሆልም ክሪክ የእህል ጎተራ በር ላይ ቆሞ፣ ስንዴ ጭኖ የሚመጣውን መኪና ሁሉ በረጅም የናስ ዘንግ ይፈትሽ ነበር። ዘንጉ ውስጡ ክፍት ነው፤ እስከ ጭነቱ ወለል ይወርድና ከላይ፣ ከመሀልና ከታች ያለውን እህል ይዞ ይወጣል። ደረቁን ስንዴ ከላይ፣ እርጥቡን ከታች አድርጎ የሚመጣ ገበሬ አይጠፋም። ኦርቪል ይህን ለማወቅ ዘንግም ብዙ አያስፈልገው፤ የሾፌሩን ፊት ያይና፣ «ዛሬ ሳቅ በሳቅ ሆነሃል፤ ታች ምን አለ?» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ታች የሆነ ነገር ይገኛል።

ጡረታ ሲወጣ ዘንጉን ለጎተራው መለሰ እንጂ ዓይኑን አልመለሰም። ፓስተራችን ስብከቱን ያሳጠረ እንደሆነ ወደ እኔ ዞር ይልና፣ «ምን ሊለምነን ነው?» ይለኛል። ጎረቤቱ በረዶውን ከደጁ ቢጠርግለት፣ ጎረቤቱ አንድ ነገር ሊዋሰው የፈለገ ይመስለዋል። ክፉ ሰው አልነበረም። ሰው ሲታመም መጀመሪያ ደጅ የሚገኘው እሱ ነው። ብቻ ሰው ለእሱ ደግ ሲሆን ይከፋዋል፤ ምክንያቱን ፈልጎ እስኪያገኝ እንቅልፍ የለውም።

የዚህ ዓይነት ሰው ሩቅ ተኳሽ ቢሆን አይገርምም። የተኩስ ክለባችን ከከተማው ወጣ ብሎ ከሸለቆው አፋፍ ላይ ባለ የግጦሽ መሬት ነው የሚተኩሰው። መሬቱ ላይ ሣርና ነፋስ እንጂ ሌላ የለም። ከሸለቆው ማዶ በተለያየ ርቀት የብረት ሰሌዳዎች ተሰቅለዋል። የመጨረሻው ሺህ ያርድ ላይ ነው፣ አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፤ በባዶ ዓይን፣ ሰው ካላመለከተህ አይገኝም። እኔ ከተኳሾቹ አጠገብ ቁጭ ብዬ በትልቁ መነጽር እያየሁ፣ «መታ»፣ «በግራ አለፈ»፣ «ከላይ አለፈ» እላለሁ። ነፋሱ እየወሰደው ነው፣ ሐሩሩ እያታለለው ነው፣ የጠመንጃው መነጽር ላልቶ ይሆናል፣ ጠመንጃው ሞቆ ይሆናል እያለ፣ ሁሉን ነገር ሲጠራጠር የሚውል ሰው እዚያ ቦታ ላይ ይሳካለታል። ኦርቪል ለዓመታት አንደኛ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

ከሁሉ በላይ ግን ጥይት ነው። ቅርብ ቦታ ላይ ማንኛውም ጥይት ጥይት ነው። ሺህ ያርድ ላይ ግን በሁለት ጣት የምትቆነጠር ያህል እንኳ የማትሞላ የባሩድ ልዩነት የጥይቱን እርሳስ ከብረቱ በላይ ወይም በታች ክንድ ያህል ታሳልፈዋለች። ስለዚህ በክለባችን ሁሉም ጥይቱን ራሱ ይሞላል። የተተኮሰውን ቀለህ ሰብስቦ፣ አጽድቶ፣ አስተካክሎ፣ አዲስ መቀጣጠያ ከግርጌው ሰክቶ፣ ባሩዱን መዝኖ፣ እርሳሱን አፉ ላይ ያስቀምጣል። የትም ያልተጻፈ ግን ማንም የማያፈርሰው ሕግ ደግሞ አለ፤ በሌላ ሰው ባሩድ አይተኮስም። የሞላው ሰው ሐሳቡ ሌላ ቦታ ከነበረና ባሩዱን ካበዛ፣ የሚፈነዳው ከአንተ ዓይን አራት ጣት ርቀት ላይ ነው። ወንድም ለወንድሙ ጠመንጃ ያበድራል፤ ጥይት አይሰጠውም።

ኦርቪል ምድር ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ አለው። ባሩድ ሲመዝን የቤቱን ማሞቂያ ያጠፋል፤ የማሞቂያው ነፋስ ሚዛኑን ያወዛውዘዋል ይላል። ሚስቱ ኢንገር በሕይወት ሳለች ከላይ ወጥ ቤት ውስጥ ስትራመድ የጣሪያው ንዝረት ወደ ሚዛኑ ይመጣል ብሎ ቁጭ ያሰኛት ነበር። «በገዛ ቤቴ ባሌ ባሩድ በመዘነ ቁጥር እንደ ሐውልት እቀመጣለሁ» እያለች ትስቅ ነበር። ነፍሷን ይማርና ኢንገር ከሞተች አራት ዓመት ሆነ። ልጅ አልነበራቸውም። ከእሷ በኋላ ኦርቪል ከሰው ጋር የሚነጋገረው እሑድ ቤተ ክርስቲያንና በየወሩ የክለቡ ቅዳሜ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰላም ይላል፤ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። የሚያወራው ቅዳሜ ነው።

ባለፈው የበረዶ ወራት እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዝም ብሎ ጉልበቱ ላይ ሲያስቀምጠው ደህና ነው፤ ማንኪያ ወይም ሲኒ ሲያነሳ ነው የሚንቀጠቀጠው። መሬት ተኝቶ፣ ጠመንጃው በሁለት የብረት እግሩ ቆሞለት፣ ኋላው በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ ቃታ መሳብ አላቃተውም፤ ከጠመንጃው ጋር ሲተኛ እጁ ይረጋ ነበር። ባሩድ ወደ ሚዛን ማፍሰስ ግን አልቻለም። ይህን የነገረኝ አንድ ጠዋት የፈሰሰውን ባሩድ ከምድር ቤቱ ወለል ስንጠርግ ነው። «ለሰው ብትናገር ወዮልህ» አለኝ። አልተናገርኩም። በማግስቱ ስስ የቆዳ ጓንት አድርጎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አውልቆት አያውቅም።

የተኩሱን ሥነ ሥርዓት የምትመራው ማርዲ ሶልበርግ ናት፤ ድምፅዋ ከጠመንጃ አያንስም። ጓንቱን ስታይ፣ «ኦርቪልዬ! ምነው፣ ልትሞሸር ነው እንዴ?» አለችው።

«ብርድ ነው» አላት።

«በጁላይ? በዚህ ሙቀት?»

«አንቺን ምን ቸገረሽ? እጁ የኔ!»

የፋብሪካ ጥይት መሞከር የጀመረውም እጁ እምቢ ካለው ወዲህ ነው። ከሱቅ የተለያዩ ዓይነቶችን አመጣ። በአንዱ ሳጥን ላይ የቆመ አጋዘን ተስሏል፤ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየውና፣ «ሣጥኑን እንዲህ ካሳመሩት ውስጡ ምን ሊደብቁ ነው?» አለ። ጥይቶቹ መጥፎ አልነበሩም፤ ሌላ ሰው በሌላ ጠመንጃ ቢተኩሳቸው ይስማሙ ነበር። ለእሱ ጠመንጃ ግን አልተሰፉም። ቅርብ ላይ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ሩቅ ሲሆን አንዱ ከብረቱ በላይ፣ አንዱ ከብረቱ በታች። በጁላይ ውድድር አንደኛ መሆኑ ቀርቶ ከመሀለኞቹ ሆነ። ነፋሱን አመካኘ። ያን ቀን ግን ነፋስ አልነበረም፤ ሁላችንም እናውቃለን። ዕቃውን ሲጭን ለማርዲ፣ «ከእንግዲህ ለእኔ ቦታ አትያዢ» አላት። ማርዲ ቀልድ አጣች። እኔም ቤቴ ገብቼ ስለዚያ ሰው ጸለይኩ። ቅዳሜዋን ካጣ ያ ቤት ውስጥ ከማሞቂያው በቀር የሚያጉረመርም ነገር አይኖርም።

ሎውል ብራተን የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ሎውል ስንዴ አምራች ነው። ሳቂታ ነው፤ ያለ ምክንያት ይስቃል። በክለቡ ሁልጊዜ ከኦርቪል ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ አንድ የቆየ ነገር አለ። ኦርቪል ጎተራው ላይ ሳለ ከብዙ ዓመት በፊት የሎውልን ጭነት በሰው ሁሉ ፊት መልሶታል። ከላይ ደረቅ፣ ከታች እርጥብ ሆኖ ተገኘ። ሎውል፣ «የመኪናዬ ሸራ ቀዳዳ ነው፤ ሌሊት ዘነበበት፤ ውሃው ወለሉ ላይ ተኛ» አለ። ኦርቪል፣ «የሁሉም ሸራ ቀዳዳ ነው» ብሎ መለሰው። ሎውል ሳቀና ሄደ፤ ረሳውም። ኦርቪል አልረሳም። እንዲያውም ሰውየው መሳቁን እንደ ማስረጃ ያዘበት።

እንግዲህ አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ለቡና ስንቀመጥ፣ ሎውል የኦርቪልን ሲኒ አየ። ግማሽ ብቻ ነው የተቀዳው፤ በሁለት እጅ ነው የያዘው፤ ጓንቱን አላወለቀም። ሎውል በሳምንቱ የኦርቪልን በር አንኳኳ። እኔ የወጥ ቤቱን ቧንቧ እየጠገንኩለት ስለነበር ሁሉን ሰማሁ።

«ቀለሆችህን ስጠኝ» አለ ሎውል፣ ኮፍያውን እንኳ ሳያወልቅ።

«ምን ልታደርጋቸው?»

«የጆሮ ጌጥ ላሠራባቸው። ልሞላልህ ነዋ!»

«ማን ሙላልኝ አለህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ፈልገህ ነው?»

«ኧረ ምንም! አንተ ሰውዬ፣ ደግ ነገር ሲመጣብህ ፖሊስ ነው እንዴ የምትጠራው?»

ኦርቪል ቀጥሎ የተናገረውን ቀስ ብሎ፣ እንደሚመዝን ሰው ነው የተናገረው። «እኔ ጥሩ ከተኮስኩ አንተ ሁለተኛ ነህ። እኔ ካበላሸሁ አንደኛ ነህ። ታዲያ ለምን ጥሩ ጥይት ትሰጠኛለህ?»

«አንተ በሌለህበት አንደኛ ብሆን ማን ያምነኛል? አንተ ራስህ አታምነኝም!» ሎውል ሳቀ።

ያ ሳቅ ለኦርቪል ጥሩ አልነበረም። ከቧንቧው ሥር ሆኜ ፊቱ ሲጨልም አየሁ። ግን ምርጫ አልነበረውም። አንድ ጊዜ በአንድ ጠመንጃ ውስጥ የተተኮሰ ቀለህ የዚያን ጠመንጃ ቅርጽ ይይዛል፤ ጫማ የባለቤቱን እግር እንደሚይዝ ማለት ነው። ቀለሁን መስጠት የእግርን ልክ እንደ መስጠት ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ አሞላሉ ነው፤ የትኛው ባሩድ፣ ስንት፣ እርሳሱ ምን ያህል ወደ ውስጥ ይግባ የሚለው። ይህን ኦርቪል ለኢንገር እንኳ አልነገራትም። «አንተ» አለኝ፣ «ወደ ምድር ቤት ውረድና ውሃውን ዝጋ።» ውሃውን ዘግቼ ነው ሥራ የጀመርኩት። ወረድኩ። ስመለስ ሁለቱ ማቀዝቀዣው አጠገብ ተጠጋግተው ቆመው ነበር፤ ኦርቪል የሎውልን ክንድ ይዞ፣ «ደግመህ በልልኝ» ይለው ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሎውል ሁለት የፕላስቲክ ሣጥን ሙሉ ጥይት አመጣ፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ በጎማ ታስሯል። ኦርቪል የላይኛውን ሣጥን ከፍቶ ጥይቶቹን አንድ በአንድ ሚዛን ላይ አስቀመጠ። ይህ ምንም እንደማይነግረው ያውቃል፤ የቀለሁ ክብደት ራሱ ከአንዱ አንዱ ስለሚለያይ የባሩዱን ጉድለት ይሸፍነዋል። ቢሆንም መዘነ። በመጨረሻ ጠራኝና ጥቂቱን አፍርሼ ባሩዱን ብቻ እንድመዝንለት ለመነኝ። አፈረስኩ፤ መዘንኩ። ልክክ ያለ ነው።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«ካንተ የተሻለ ካልሆነ አይብስም።»

«ይሄ ነው የሚያሳስበኝ።»

«ምኑ?»

«ሰው ለራሱ እንዲህ ይጠነቀቃል። ለሌላ ሰው ለምን?» የታችኛውን ሣጥን በጓንቱ ጣት ነካ አደረገው። «ይሄኛውስ?»

«ከዚህም ላፍርስልህ?»

ራሱን ነቀነቀ። «ካፈረስን ለውድድሩ አይበቃኝም።» ግን ዓይኑን ከሣጥኑ አላነሳም። ጥቂት ቆይቶ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ሁልጊዜ ታች ነው» አለ።

ከላይኛው ሣጥን ወስዶ ሜዳው ላይ ሞከረ። እኔ ነኝ ያየሁለት። ሺህ ያርድ ላይ ብረቱን ደጋግሞ መሀሉን መታው። እጁ የተንቀጠቀጠ፣ ነፍሱ የከበደች ሰው፣ ያን ያህል ሩቅ ደርሶ መምታቱ ለእኔ ምስጋና የሚገባው ነገር ነበር፤ አመሰገንኩም። እሱ ግን ብድግ ብሎ፣ «በጣም ጥሩ ነው» አለ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው።

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ሰብሉ ከተሰበሰበ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። በዚያ ወቅት ጠዋት ጃኬት ያስለብሳል፣ እኩለ ቀን ሸሚዝ ያስወልቃል። ማርዲ ከዳሱ ሥር ረጅሙን ጠረጴዛ ዘርግታ ነበር። ሁሉም ተራው እስኪደርስ የጥይት ሣጥኑን እዚያ ጥላው ውስጥ አስቀምጦ ፎጣ ይጥልበታል። ልማዳችን ነው፤ አንዱ የሌላውን ፎጣ እንኳ አይነካም።

«ኦርቪልዬ፣ እንኳን መጣህ! ሣጥንህን ወዲህ በል» አለችው ማርዲ፤ ደስታዋ ዓይኗ ላይ ነበር።

«ከኔ ጋር ይሁን።»

«ምን፣ እንበላዋለን?»

ኦርቪል የጠዋቱን ሣጥን በብብቱ ያዘ። ሁለተኛውን፣ ታች የነበረውን፣ ፒክአፑ ውስጥ፣ ከመሪው በላይ፣ ወደ መስታወቱ አስጠግቶ አስቀመጠው። ወንበር ሥር ያላስቀመጠው ከመተኮሻው ቦታ ሆኖ እንዲያየው ነው። ማንም ወደ መኪናው ቢጠጋ ይታየዋል። መስኮቶቹን ዘጋ፣ በሩን ቆለፈ፣ መቆለፉን ሁለቴ ሞከረ። ሎውል ይህን ሁሉ አይቷል። ሳቀ።

ጠዋቱን ኦርቪል እንደ ድሮው ተኮሰ። ቅርብ ያሉትንም መካከለኞቹንም መታ። እኔ «መታ» ባልኩ ቁጥር ከኋላችን ሎውል «ጎሽ!» ይላል፤ ሎውል «ጎሽ» ባለ ቁጥር ኦርቪል ወደ መኪናው ያያል። ለምሳ ስንነሣ ሁለቱ እኩል ነበሩ።

ምሳው ማርዲ የጋገረችው ድንችና የተፈጨ ሥጋ፣ ሳንድዊችና ሩባርብ ከሚባል ጎምዛዛ ተክል የተጋገረ ፓይ ነበር። ጸሎቱን እኔ እንዳደርስ ጠየቁኝ። ሁሉም ራሱን ደፋ፤ ኦርቪል ብቻ ቀና ብሎ በሎውል ትከሻ ላይ አሻግሮ መኪናውን ያያል። እንዴት አየህ ካላችሁኝ፣ እኔም አልጨፈንኩም ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳ የፒክአፑ መስታወት ያብረቀርቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሺህ ያርዱ ተራ ደረሰ። ሎውል ቀድሞ ተኩሶ ጥሩ ነጥብ አመጣ። ኦርቪል መኪናውን ከፍቶ ሁለተኛውን ሣጥን አመጣና ተኛ። ነፋሱ ለስለስ ብሎ ነበር። ተኮሰ።

«ከላይ አለፈ» አልኩ።

«ከላይ?» አለኝ ሳይዞር።

«ከላይ።»

«አይተሃል ወይስ ሰው ነግሮህ ነው?»

«ኦርቪል፣ አቧራውን ከብረቱ በላይ ገደሉ ላይ አየሁት።»

ደግሞ ተኮሰ። ይኸኛውም ከላይ፣ በግልጽ ከላይ። የጠመንጃውን መዝጊያ ሊከፍት ሲል አልከፈት አለው። በመዳፉ ገፋው፤ እምቢ አለ፤ መታው፤ ተከፈተ። የወጣውን ቀለህ አንሥቶ ግርጌውን አየ። እኔም አየሁ። መቀጣጠያው እንደ ተረገጠ ጭቃ ጠፍጥፎ ነበር። እዚያ ያለ ሰው ሁሉ የዚህን ትርጉም ያውቃል፤ ግፊቱ በዝቷል፤ የሚቀጥለው ጠመንጃውን ሊሰብረው፣ ሰውየውንም ሊጎዳው ይችላል።

«ተኩስ አቁሙ!» ማርዲ ጮኸች። መዝጊያዎች ሁሉ ተከፈቱ።

ኦርቪል ተነሣ። ጉልበቱ ላይ ያለውን ሣር እንኳ ሳያራግፍ ሣጥኑን ይዞ ሎውል ፊት ሄዶ ቆመ።

«ከላይ ደረቅ» አለው፣ «ከታች እርጥብ።»

ሎውል መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው፤ ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ። ሎውልን ያለ ሳቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ይመስላል።

«ኦርቪል፣ የምትለውን ታውቀዋለህ?»

«የላይኛውን ሣጥን እንደምፈትሽ ታውቅ ነበር። የታችኛውን ባሩድ አብዝተህ ሞላኸው። ማሸነፍ ፈልገህ ቢሆን እሺ። ዓይኔን ልታወጣው ነበር እኮ!»

«በእግዚአብሔር ስም፣ እኔ...»

«እግዚአብሔርን ተወው!»

እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ደቂቃ ሰው ሁሉ ከሎውል ግማሽ እርምጃ ፈቀቅ ያለ መሰለኝ፤ የእኔም እግር ሳይንቀሳቀስ አልቀረም። መዝጊያው መጣበቁን በዓይናችን አይተናል። ጠዋት ደህና ነበር፤ ሣጥኑ ሲቀየር ተበላሸ። ሌላ ምን ይታሰባል? ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ሁሉ «ጎሽ» በአንድ ጊዜ መልኩ ተለወጠብኝ።

«ይኸው!» ኦርቪል ከሣጥኑ አንድ ጥይት መዞ ዘረጋለት። «ውሰድ! ሰው ፊት አፍርሰውና ባሩዱን መዝን! ውሰድ እንጂ!»

ሎውል ተቀበለው። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ተወው። መዳፉን አየ። ጥይቱን ጨበጠው፤ ገለጠው፤ እንደገና ጨበጠው። ከዚያ ኦርቪልን ቀና ብሎ አየው።

«ጓንትህን አውልቅ» አለው።

«ምን?»

«ጓንትህን አውልቅ።»

«አላወልቅም! ጓንቴ ምን አገባው?»

ሎውል ጠጋ አለ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እኔ በመካከላቸው ስለነበርኩ ብቻ ሰማሁ። «እንደማውቅ ታውቃለህ። ባላውቅ ለምን ቤትህ እመጣ ነበር? አውልቀው፣ ወንድሜ።»

ኦርቪል በጥርሱ የጣቱን ጫፍ ነክሶ ጓንቱን ሳበ። እጁ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰው ሁሉ አየ። ማርዲ በጁላይ የቀለደችው ትዝ ብሏት መሰለኝ፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሎውል ያንን እጅ ከሥር በአንድ እጁ ደግፎ ያዘና ጥይቱን መዳፉ ላይ አኖረለት።

ኦርቪል ደነገጠ፤ ሊጥለው ምንም አልቀረውም።

«ያቃጥላል» አለ።

ሁላችንም አንድ ላይ ወደ ፒክአፑ ዞርን። ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ሣጥኑ የነበረበት ቦታ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱ ዝግ ነው። ባሩድ ሲግል አብዝቶ ይነድዳል፣ እርሳሱን አብዝቶ ይገፋዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ክለባችን ውስጥ የለም። ጠረጴዛው ጥላ ሥር የሚዘረጋው ለምን ሆነና! ጥይት መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ እንዳይተው አዲስ ለሚመጣ ሁሉ የሚያስተምረው ራሱ ኦርቪል ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኑ ሰው ላይ እንጂ ፀሐይ ላይ አልነበረም። ሰው እንዳይነካው ብሎ እሳት ላይ ጣደው፤ በጓንቱ ምክንያት ሙቀቱ አልተሰማውም።

ማርዲ ነች ያዳነችን። «ይህን ባውቅ» አለች ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ «ድንቹን እዚያ ጋግሬው ጋዜን እቆጥብ ነበር!»

ሎውል ሳቀ። ያንን ሳቅ በመስማቴ ምን ያህል እንደ ተደሰትኩ አልነግራችሁም።

ኦርቪል አልሳቀም። ይቅርታም አላለም። «ተራዬስ?» ብሎ ማርዲን ጠየቃት።

«የተተኮሰ ተተኩሷል ኦርቪል። የቀረህን ጥይት ግን ሲበርድ መጨረሻ ላይ ትተኩሳለህ። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ባይፈቅድም እፈቅዳለሁ።»

እሱም ሣጥኑን ይዞ ወደ ዳሱ ሄደ። ከሎውል ሣጥን አጠገብ አስቀመጠው። ፎጣ አልጣለበትም። ሁለተኛውን ጓንት አውልቆ ኪሱ ከተተ፤ ጀርባውን ለሣጥኑ ሰጥቶ ወንበር ላይ ተቀመጠና ማርዲ የቆረሰችለትን ፓይ በማንኪያ መብላት ጀመረ። ማንኪያው ሳህኑን እያንኳኳ፣ ፍርፋሪው ሸሚዙ ላይ እየወደቀ። ማንም አላፈጠጠበትም። ሎውል መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና የራሱን ፓይ በላ። እኔ ያን ጊዜ በልቤ ያልኩትን እግዚአብሔር ሰምቶታል።

ጥይቱ ሲበርድለት ተኮሰ፤ የቀሩትን ሁሉ መታ። አንደኛ አልሆነም። ሎውል አንደኛ ሆነ፤ ማንም ይገባዋል አይገባውም አላለም።

ዕቃችንን ስንጭን ኦርቪል የቀለሁን ከረጢት ይዞ ወደ ሎውል መኪና መጣ። ጎማውን በጫማው ነካ ነካ አደረገ።

«ያ ሸራ» አለ።

«የቱ ሸራ?»

«የዚያን ጊዜው። እውነት ቀዳዳ ነበረው?»

ሎውል ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ። «ሁለት ቀዳዳ ነበረው።»

ኦርቪል አሰበ። «ያን ጊዜ ቀዳዳ ነው እንጂ ሁለት አላልከኝም።»

«ያን ጊዜማ መቼ አስጨረስከኝ!»

የኦርቪል ከንፈር ጫፍ ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ከኢንገር ቀብር ወዲህ ያላየሁት ነገር ነው። ከረጢቱን በሚንቀጠቀጥ እጁ ዘረጋ፤ ቀለሆቹ እርስ በርስ እየተጋጩ ይንሿሿሉ።

«ለፀደይ» አለው። «ሁለቱንም ሣጥን።»

ሎውል ተቀብሎ በእጁ መዘነው። «ቆጥረሃቸዋል?»

«አልቆጠርኩም» አለ ኦርቪል፣ ወደ ፒክአፑ እየሄደ። መስኮቶቹን ሁሉ ዝቅ አድርጎ ከፈተና ነዳ።